ከሺህ ዘጠኝ ሰው የጎደላት መንደር

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኦሮራ ከተማ፣ ሀቫና ጎዳና ላይ ካለ አንድ የሕንዶች ሱቅ ምስር ልገዛ ገብቼ ወረፋ እየጠበቅኩ ሳለ፣ ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ የወደቀባቸውን መሐረብ ለማንሣት ጎንበስ አሉና ከፀጉራቸው የሰናፍጭ ዘይት ሽታ መጣብኝ። መጀመሪያ አፍንጫን ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ፀሐይ እንዳገኘው ገለባ ይለዝባል። ይህን ሽታ በዚህን ያህል ቅርበት ካሸተትኩት ሃያ ዓመት አልፎኛል። ገንዘብ ተቀባይዋ ስትጠራኝ አልሰማኋትም፤ ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ ናት በጋሪዋ ነካ አድርጋ ወደ ፊት ያስጠጋችኝ። ሽማግሌው ቀስ እያሉ ወጥተው ሄዱ። እኔም ምስሬን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና፣ ሴንቴኒያል ሰፈር ቤት የሚጠብቁኝን ልጆቼን ረስቼ፣ ሞተር ሳላስነሣ ብዙ ደቂቃ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ፣ በፈረንጆቹ የሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ የምንኖረው ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው አሮጌው ሰፈር ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ባለ፣ ባለሁለት ፎቅ የቀይ ጡብ አፓርትመንት ላይ ነበር። እኔ አሥር ዓመቴ ነው። አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ ሎውሪ ሰፈር ውስጥ የሰው ሕፃናት ትጠብቃለች። ኮሪደሩ ላይ ስትራመድ በአንዱ በር ሥር የተጠበሰ በቆሎ፣ በሌላው የእኛ ሽንኩርትና በርበሬ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል የሳሙና እንፋሎት ይቀበልሃል። ክረምቱን ሙሉ የማሞቂያው ቧንቧ እንደሚያስል ሰው እህ እህ ይላል። ጁን ሲገባ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ካሉት ትልልቅ ዛፎች እንደ ጥጥ የሚበን ነገር እየነፈሰ መጥቶ ደረጃችን ሥር ይከመራል፤ እናቴ ጠዋት ትጠርገዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሞልቶ ታገኘዋለች፣ ማንን እንደምትቆጣ ግራ ገብቷት መጥረጊያውን ትቆጣለች።

ከእኛ ሥር የሚኖሩት ራጄሽ የሚባል ሕንዳዊና አባቱ ነበሩ። ራጄሽ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩ አጭር። አባቱ ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ሰፊ ሱሪያቸው ላይ ልጃቸው የገዛላቸውን፣ የማያውቁት የእግር ኳስ ቡድን ስም የተጻፈበት ብርቱካንማ ጃኬት ይደርባሉ፣ ፀጉራቸውን በሰናፍጭ ዘይት ለጥ አድርገው ያበጥራሉ። በመጡ በሳምንታቸው ፖስታ ሣጥኖቹ ጋ አባቴ አገኛቸውና ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቃቸው። የገጠር መምህር ነበርኩ አሉት። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። መርካቶ አጠገብ ተወልዶ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛና ሂሳብ ያስተማሩት ሕንዳዊ መምህር ስለነበሩ እንግሊዝኛውን ከነዜማው ከእሳቸው ወርሷል። ራጄሽ ሲሰማው ሳቁን መያዝ ያቅተው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ሽማግሌውን በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ሰር» እያለ ነው የሚያናግራቸው፤ እኛም ማስተር አልናቸው፤ ሕንጻው በሙሉ ማስተር አላቸው።

እናቴ ብቻ ለጊዜው ቅር ብሏት ነበር። ማስተር እኔን «ቤቲ» እያሉ ስለሚጠሩኝ፣ ነጃት ብዬ ያወጣሁላትን ስም ለምን ይቀይሩብኛል ብላ ነው። በእሳቸው ቋንቋ ልጄ ማለት መሆኑን አባቴ ጠይቆ ሲነግራት አፍራ፣ በዚያው ሳምንት ረመዳን ስለነበር፣ ሥጋ እንደማይበሉ ሰምታ ለብቻቸው የምስር ሳምቡሳ ሠርታ ላከችላቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ሰው ናቸው እያለች ለጓደኞቿ ታወራላቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ክፍላችን ውስጥ አገር በዕጣ ተከፋፈልን፤ ለእኔ ሕንድ ደረሰችኝ። ከአገሩ ውስጥ አንድ ትንሽ ቦታ መርጠን፣ ስንት ሰው እንደሚኖርበትና በምን እንደሚደረስበት በፖስተር ላይ ማሳየት ነበረብን። አባቴ ደስ አለው። ማስተር ጋ ውረጂ፣ እርሳስሽን ቀርጸሽ ያዢ፣ ተቀመጪ ሳይሉሽ እንዳትቀመጪ አለኝ።

ተቀመጪ አሉኝ። መስኮቱ ሥር ያለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ በባዶ የእርጎ ዕቃ ውስጥ የተከሏቸው ናናዎች ተደርድረው፣ ከዘይቱ ሽታ ጋር ተቀላቅለው ክፍሉን ቀዝቃዛ ጠረን ሰጥተውት ነበር። መንደራቸው ሱክታላ ትባላለች። ስሟ ደረቅ ኩሬ ማለት ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ግን ዙሪያዋን ውኃ የሚቆርጣት መንደር ነበረች። መንግሥት ሕዝብ ሲያስቆጥር፣ በዚያ አካባቢ አጥርቶ የሚጽፍ መምህሩ ብቻ ስለሆነ፣ ቆጣሪው እሳቸው ሆኑ። ጢሜ ጥቁር ነበር አሉኝ። ከመንደሩ ጫፍ ካለው ትልቅ የሁመር ዛፍ ተነሥተው በየቤቱ ይገባሉ። በዚያ አገር ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም፤ ስለዚህ ወንዱ እርሻ ሄዶ ሴቲቱ ብቻዋን ስትሆን ማስተር ስሞችን እየደረደሩ ይገምታሉ፣ እሷ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሲያገኙት ትስቃለች። አንዱ ገበሬ የማልባትን ጎሽ ካልጻፍክልኝ ብሎ ግማሽ ቀን አዋላቸው። ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለሦስት ሳምንት ቆጠሩ፤ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ሰው ሆነ።

ሰው በምን ይደርስበታል ስላቸው ማን ሊሄድ ፈልጎ አሉና፣ ቀጥለው ግን ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እየጎተቱ መንገዱን ሣሉልኝ። ባቡር ጣቢያው እዚህ ነው። ከጣቢያው ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው የሚጫንበት አውቶቡስ አንድ ሰዓት ተሂዶበት አስፋልቱ ዳር ያወርዳል። ከአስፋልቱ እስከ ሱክታላ ሁለት ሰዓት በእግር፣ ወይም በበሬ ጋሪ፤ መሐል ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ከአውራጃው መሥሪያ ቤት ወሬ መጣ፤ ሺህና ከሺህ በላይ ሰው ላለው መንደር መንገድና ድልድይ ይሠራል ተባለ።

«ዘጠኝ ጎደለን» አሉኝ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች መጥተው በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ። ከተማ ጡብ ሊሠሩ የሄዱ ልጆች አሉን እነሱን ጻፍ፣ እርጉዞች አሉን ያልተወለዱትን ጻፍ፣ ወረቀት ነው ማን መጥቶ ያያል ብለው ለመኗቸው። ማስተር ተማሪዎቻቸውን ከሰው ላይ አትገልብጡ የሚሉ ሰው ነበሩ፤ የሌለ ሰው አልጽፍም አሉ። ይህን ሲነግሩኝ ቀና ብለው ነው፣ ድምፃቸውም አልተለወጠም። ከዚያስ አልኳቸው። ከዚያማ መንገዱ ወደ ሌላ መንደር ሄደ አሉና፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ናናቸውን ውኃ ሊያጠጡ ተነሡ።

ፖስተሩ ጥሩ ወጣልኝ። ዛፉን፣ ጋሪውን፣ ጣሪያው ላይ ሰው የተጫነበትን አውቶቡስ ስዬ፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድን በቀይ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ዘጠኝ ሰው ስለጎደለ መንገድ እንዳልተሠራ፣ መምህሩ ግን እንዳልዋሹ አብራራሁ። አባቴ ኮርቶብኝ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፖስታ ሣጥኖቹ በላይ ለጠፈው። ራጄሽ ከሥራ ሲመለስ አየው። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ሳይገባ ተመልሶ ወጣ።

በማግስቱ አባቴን አስቁሞ አናገረው፤ አባቴም ያን ለእናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ዝግ ባለ ድምፅ ሲነግራት ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ከቆጠራው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በዝናቡ ወራት፣ የማስተር ሚስት ምጥ ይዟት ነበር። ልጁ አልወጣ ሲል አራት ሰው አልጋዋን ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ ሄደ። ወንዙ ሞልቷል። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ጠበቁ፣ እዚያው ሕይወቷ አለፈ። ራጄሽ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ጫማዋን ይዞ ከአልጋው ኋላ ኋላ ሲሄድ ነበር።

«እናቴን ወንዙ አይደለም የገደላት፣ ዘጠኙ ሰው ነው አለኝ» አላት አባቴ።

አባቴ ወርዶ ፖስተሩን አንሥቶ አጣጠፈው፤ የት እንዳደረሰው ጠይቄው አላውቅም። ያን ጊዜ ነው አባትና ልጁ ስለ ሩዝና ስለ መድኃኒት ብቻ የሚነጋገሩት ለምን እንደሆነ የገባኝ። ራጄሽ አባቱን ይጦራል፣ ጃኬት ይገዛል፣ ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ ፊቱን አዙሮ ግን አያያቸውም።

በሚቀጥለው ፀደይ የቫኑ ነገር መጣ። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሽማግሌዎችን ወደ ክሊኒክና ወደ ገበያ የሚያመላልስ ነጭ ቫን በሰፈራችን ነበረው። የሚሳፈርበት ሰው ስላነሰ፣ አርባ አዛውንት ፈርመው እንጠቀምበታለን ካላሉ ይቆማል የሚል ወረቀት በየበሩ ተለጠፈ። ከሁሉ በላይ የደነገጡት ጋሽ ኪዳኔ ናቸው። አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ዐይናቸው እስኪደክም ታክሲ የነዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ላይ የወጣ ቁስል በሳምንት ሁለቴ ካልታጠበ እንደሚቆረጥ ተነግሯቸዋል። ከትምህርት ቤት ስመጣ ሁልጊዜ የትምህርቴን ነገር ጠይቀው ብርቱካን የሚሰጡኝ እሳቸው ነበሩ።

ማስተር ወረቀቱን አነበቡና እኔ እዞራለሁ አሉ። ከቤት ወደ ቤት መዞር አውቅበታለሁ አሉ። እኔ ደግሞ አማርኛውንም ትንሽ ስፓኒሹንም ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ዞርኩ። ሦስት ቅዳሜ ሄድን። በር ከማንኳኳታቸው በፊት ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ይለጥፋሉ፣ ጃኬታቸውን ይቆልፋሉ፣ ስም ሲጽፉ ሆሄውን አንድ በአንድ ጠይቀው ነው። አንዳንዱ ጋ ሻይ ጠጣን፣ አንዷ አሮጊት የልጅ ልጆቿን ፎቶ በሙሉ ካላያችሁ አልፈርምም ብላ ያዘችን። እንደዚያ ሲስቁ፣ እንደዚያ ቀና ብለው ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። የመጨረሻው ቅዳሜ ቁጭ ብለን ስንቆጥር ሳይን ያደረገው ሠላሳ ሰባት ሰው ነው። ወረቀቱ ሰኞ ጠዋት መግባት አለበት።

ሦስት እንጨምር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንም አያውቅም አልኳቸው። የጋሽ ኪዳኔን እግር፣ ፋሻውን፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያሰሙትን ማቃሰት ነገርኳቸው። ሄጄ እኔ ራሴ ኃላፊዎቹን እለምናለሁ አሉ። አሥር ዓመቴ ነው፤ ተናድጃለሁ፣ ልቅሶዬም መጥቷል። ከኮሪደር የሰማሁት ነገር በአፌ ላይ ነበር።

«ጋሽ ኪዳኔም እንደ ሚስትዎ መንገድ አጥተው ይሙቱ?»

አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አላደረጉትም። ተነሥተው መታጠቢያ ቤት ገቡና ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር። ተመልሰው ሲቀመጡ እጃቸው ርጥብ ነው። ብዕሩን አነሡ፣ አስቀመጡ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከናናዎቹ ላይ ተነሥቶ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ ወለሉ እስኪወርድ ተቀመጥን፤ እኔ ሂጂ ስላላሉኝ አልሄድኩም። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ በዚያ በሚያምር የመምህር ጽሕፈታቸው ሦስት የሕንድ ስም ጻፉና ለእያንዳንዱ የተለያየ ፊርማ አደረጉ።

«ይኸው» አሉ፣ ብዕሩን እየከደኑ። «ደቂቃ አልፈጀም።»

እኔ ደስ አለኝ። ዘልዬ አንገታቸውን አቀፍኩ። እጃቸው እንደተኛ ሕፃን እጅ ያለ ጉልበት ጀርባዬን ነካ አደረገኝ። ከዚያ በኋላ ያቺን ቃል በየዓመቱ በተለያየ ዕድሜ ስሰማት፣ ምን እንዳሉ ቀስ በቀስ ነው የገባኝ።

ዋሽተው ማደር የማይችሉ ሰው ስለነበሩ በዚያው ቀን ለልጃቸው ራሳቸው ነገሩት። እሑድ ጠዋት አባቴ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ሲያጥብ ራጄሽ ወጥቶ አጠገቡ ቆመ። እኔ ባልዲ ይዤ ነበር።

«ለማያውቃቸው ሰዎች ቫን ሦስት ስም ፈጠረ» አለው። «ለእናቴ ዘጠኝ አልፈጠረም።»

አባቴ ስፖንጁን እንደያዘ ቆመ። ይህን ያስደረግኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ምን ብዬ እንዳስደረግኳቸው ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። የተናገርኩት ነገር ከኮሪደር ተደብቄ የሰማሁት መሆኑ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ባልዲውን አስቀምጬ ወደ ቤት ገባሁ። ማስተርም ስሜን እንዳላነሡ ኋላ ነው የገባኝ፤ ልጃቸው ፊት ሙሉ ጥፋቱን ብቻቸውን ወስደውታል።

ቫኑ ሳይቋረጥ ቀጠለልን። ጋሽ ኪዳኔ እግራቸው ዳነ፤ ዱላቸውን ትተው እስከ ኮልፋክስ በእግራቸው እየሄዱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። አንድ ቀን ኬክ ገዝተው ማስተርን ሊያመሰግኑ ወርደው አንኳኩ፤ ቤት እንዳሉ እናውቃለን፣ አልከፈቱም። ማስተር በዚያ ቫን አንድም ቀን አልተሳፈሩም። ናናዎቹ ደረቁ። በበጋው መጨረሻ ወደ አገሬ ልመለስ አሉ፤ ራጄሽ ሥራ ነኝ ስላለ ኤርፖርት ያደረሳቸው አባቴ ነው። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፉ መዳፋቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ፤ ልናገር የነበረውን ሁሉ ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ደህና ይሂዱ ብቻ አልኩ። አባቴ ሲመለስ፣ መንገዱን ሙሉ ምን አወራችሁ ስትለው እናቴ፣ ስለ እኔ ሰዋስው ነው አላት፤ እርማት ሲሰጡኝ ነው የሄድነው አለና ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው።

በዓመቱ ማረፋቸው ተሰማ። ራጄሽ ቤቱን ለቀቀ፤ እኛም ሌላ ሰፈር ገባን። ጡቡ ሕንጻ አሁን ግራጫ ቀለም ተቀብቶ፣ ኪራዩ ንሮ፣ ኮሪደሩ ምንም አይሸትም፤ አንድ ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ ላሳድስ ሄጄ፣ ቁጥር ወስጄ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰው ራጄሽ ሆነ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ እኔን ያወቀኝ ከአባቴ መልክ ነው። ስለ ወላጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ነገርኩት። ሱክታላስ አልኩት። መንገዱ ተሠርቷል አለኝ። መስፈርቱን ዝቅ አድርገውት ነው፤ ድልድይም አላት፣ አውቶቡስ በቀን ብዙ ጊዜ ይገባል። ወጣቱ በዚያው አውቶቡስ ወጥቶ አልቆ፣ ቢቆጠር አሁን ግማሹም አይገኝም አለ። ሱክታላ የተመለሱት አባቱ ሲታመሙ ጥሪ ደርሶት፣ ዛሬ ነገ ሲል ሳይደርስ ቀረ። ስልክ ሲደውል የሚያወሩት ስለ አየሩ ብቻ ነበር።

እዚያ ወንበር ላይ ነገርኩት። ሦስቱን ስም ያስጻፍኳቸው እኔ መሆኔን፣ እምቢ ማለታቸውን፣ ብርሃኑ ከጠረጴዛው እስኪወርድ መቀመጣቸውን ነገርኩት። ዐይኑን ከወለሉ ሳያነሣ ሰማኝ።

«መንደሩ በሙሉ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ለምኖት እምቢ ያለ ሰው ነው» አለ። «አንቺ ምን ብለሽው ነው?»

ያልኳቸውን አልኩት፤ አንድም ቃል ሳልቀንስ፣ በአሥር ዓመት አፌ እንዳልኩት።

ራጄሽ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ይህን ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ሲጀምር በድምፅ ማጉያው ቁጥሩ ተጠራ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጨርሶ ይመለሳል ብዬ ወንበሩን በቦርሳዬ ያዝኩለት፤ ሰዎች እየመጡ ሲጠይቁኝ ሰው አለው እያልኩ እስከ ተራዬ ድረስ ጠበቅኩ። በሌላኛው በር ወጥቶ ሄዶ ነበር።